ጎዶሎ ቤት፣ ሙሉ ስሜት

«ቡልጋሪያ ማዞሪያ» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም በራሱ ቤት ይመታል፤ «ሪያ» በሁለቱም ቃላት መድረሻ ላይ ሙሉ ድምፁን ይሰጣልና። «ካዛንቺስ» እና «ቂርቆስ» የሚሉት የሰፈር ስሞች ግን በ«ስ» ቢገናኙም ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ ይለያያል። ጆሮ ዝምድናቸውን ይሰማል፤ አንድነታቸውን ግን አያገኝም። ይህ ዓይነቱ አገጣጠም በእንግሊዝኛ ሥነ ግጥም እንደ ጎዶሎ ቤት ይቆጠራል። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲክንሰን በ19ኛው ምዕት ዓመት፣ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ኦወን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተጠቅመውበታል።

በአማርኛ ግን በሳድስ የሚያልቁ ቃላት የመጨረሻ ፊደላቸው መመሳሰሉ ብቻ ቤት ለመምታት ሲበቃቸው ኖሯል። «ሰላም» ከ«ዓለም» ጋር ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገጥማል። እንግዲህ ጎዶሎ ቤት የባዕድ ውሰት አይደለም፤ ስም ሳይወጣለት የኖረ የአገር ልጅ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው «መንገድ» ከ«ወዳጅ» ሲገጥም ነው። «ደ» እና «ጀ» ዘመዳሞች መሆናቸውን «ወሰደ» ብሎ «ወሳጅ» የሚለው የቋንቋው ባሕርይ ይመሰክራል። ሆኖም አንዳንድ መምህር በቀይ ብዕር ይሰርዘዋል። ገጣሚውም ስረዛውን ፈርቶ ለፊደሉ ሲል የማያስፈልግ ቃል ይሰነቅራል፤ ቅርጹ ይድናል፣ ይዘቱ ይሞታል።

ይሁንና ሰነፍ ገጣሚ በዚህ ሊሸሸግ አይገባውም። ተጠብቆ ስላልመጣ ሰው በሚናገር ግጥም «መንገድ» በ«ወዳጅ» ቢመለስ፣ ያልተዘጋው ድምፅ የቀረውን ሰው ያሳስባል። በሠርግ ዘፈን ግን ያው ጉድለት ጭብጨባውን ይሰብራል።

ስለዚህ ሐያሲ «ፊደሉ ገጥሟልን?» ከማለቱ በፊት «ጉድለቱ ምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ግጥም አስቀድሞ ለጆሮ የተሰጠ ጥበብ ነውና።