ተከታታይ ድራማ በክፍል ብዛት ይለካልን?

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ቤቶች» የተሰኘው የቤተሰብ ድራማ ከ300 ክፍል በላይ መዝለቁ ደራስያኑንም ተዋንያኑንም ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ ሂስ ምስጋናውን ካደረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ የማንሳት ግዴታ አለበት፤ ይኸውም ክፍሉ ሲቆጠር በባለታሪኮቹ ሕይወት ምን ተለወጠ? የሚለው ነው።

ለማነጻጸሪያ «የቀን ቅኝት» የተባለውን የሬዲዮ ድራማ እናንሣ። በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር አዘጋጅነት ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. ተላልፎ በ257ኛው ክፍል ተፈጽሟል። ቴሌቪዥን ከከተማ እምብዛም ባልራቀበት በዚያ ወቅት የላስታን ገጠር የሚደርሰው ድምፅ የሬዲዮ ነበር። የድራማውን ስልት የቀየሰው ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ነው፤ አርአያ የሚሆን፣ አጥፊ የሆነና በሁለቱ መካከል የሚዋልል ባለታሪክ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስልቱ አደጋ አለው፤ ባለታሪኩ ሰውነቱ ቀርቶ የምክር ማስተላለፊያ ሊሆን ይችላል። «የቀን ቅኝት»ን ከዚህ ያዳነው ለጊዜ የሰጠው ቦታ ነው። ዳምጤ ከፍቅርተ ርቆ የፈጸመው ጥፋት በማግሥቱ አልተረሳም፤ ሕመም ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አድማጮችም ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጽፈዋል።

«ቤቶች» አስቂኝ ድራማ እንደመሆኑ የዕለቱን ቋጠሮ በዕለቱ ይፈታል። ይህ የዘርፉ መብት ነው፤ ሳቅም ለደከመ ሕዝብ ትንሽ ስጦታ አይደለም። ተመልካቹ ግን በነዚያ ዓመታት ውስጥ ያረጃል፣ ልጅ ይድራል፣ ወገኑን ይቀብራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ የተፈተነው፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጁ ድረስ የመጣበት የላስታ ቤተሰብ ከማዕዱ ዙሪያ የጎደለ ሰው አለበት። ይህ ቤተሰብ በመስኮቱ ውስጥ የሚያየው ቤት ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ይስቃል፤ ራሱን ግን አያገኝም። ሳቅና ሐዘን በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖሩ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ አስቂኝ ድራማም ይህን ሊሸከም ይችላል።

የላሊበላ ጠራቢዎች ቤተ ጊዮርጊስን ያወጡት ከአለቱ የማያስፈልገውን እያነሡ ነው። ደራሲም ክፍል በክፍል ላይ ከመደርደሩ በፊት ምን ላስወግድ፣ የትኛውስ ክስተት በባለታሪኬ ላይ ጠባሳውን ይተው? ብሎ ቢጠይቅ ይበጃል። የሦስት መቶኛው ክፍል ክብር የሚጸናው ከመጀመሪያው ክፍል የተለየ ሰው ሲያሳየን ነው።