ከፎርማት በፊት

በእኛ አገር ኮምፒውተር ጥገና ማለት ፎርማት ማለት ሆኖ ቆይቷል። ማሽኑ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ደንበኛው ራሱ ገና ከበሩ ሳይገባ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ለአንድ የቤት ላፕቶፕ ብዙም ክፋት የለውም። ብዙ ማሽን በአንድ ስዊች በተያያዘበት ቢሮ ኮንፊከር የተባለው የኮምፒውተር ትል ከገባ ግን ማሽን እየመረጡ ፎርማት ማድረግ ትኋን በወረረው ቤት የአንዱን አልጋ አንሶላ ብቻ እንደ ማጠብ ነው። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፓች ስላልተጫነበት፣ የኔትወርክ ገመዱ ከተሰካ ወዲያ ብዙ ሳይቆይ ከጎረቤቱ ማሽን መልሶ ይያዛል።

የሚያናድደው መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ መውጣቱ ነው። ማይክሮሶፍት ትሉ የሚገባበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፓች ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2008 ሲሆን፣ ትሉ የታየው በቀጣዩ ወር ነው። እኛ ጋ ግን አፕዴት የሚጠፋው ሆን ተብሎ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋና ውድ ነበር፣ ብዙው ዊንዶውስም ፈቃድ አልነበረውም።

ምልክቱን ከሰው አፍ መስማት ይቻላል። ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጠዋት «ፓስወርዴ አልሠራ አለ» ካለ፣ ትሉ እንደ «123456» ያሉ ፓስወርዶችን እየገመተ አካውንቶችን እያስቆለፈ ይሆናል። ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ እየተከፈተ የማይክሮሶፍትና የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ገጽ ብቻ አልከፈት ካለ ደግሞ ጥርጣሬዬ ያበቃል፤ ኮንፊከር በሽተኛውን ከሐኪሙ ይለያል።

ስለዚህ የማጽጃ መሣሪያው በሌላ ንጹሕ ማሽን ይወርዳል። እኔ በሲዲ ቀድቼ እገባለሁ፤ ፍላሽ ይዞ የገባ ሰው ትሉን ይዞ መውጣቱ አይቀርም። የአንቲቫይረስ ኩባንያው ካስፐርስኪ ትሉን ኪዶ ይለው ስለነበር ማጽጃውን ኪዶኪለር ብሎታል። ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ከአንድ ጠላት በቀር ሌላ አታውቅም፣ የምወዳትም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ በሜሞሪ ውስጥ የሚሠራውን ትል ትገድላለች፣ ትሉ የጠለፋቸውን የዊንዶውስ ተግባራት ታስለቅቃለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉንና የሬጅስትሪ መዝገቡን የምትሰርዘው። በእጅ ለመሰረዝ የሞከረ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ለምን እንዳስፈለገ ያውቃል፤ ትሉ እየሠራ ሳለ ፋይሉ አልሰረዝም ይላል።

ግን መሣሪያዋን ማስሮጥ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ገመድ መንቀል፣ ፓች መጫን፣ ደካማ ፓስወርዶችን መቀየር፣ ኦቶራንን ማጥፋት፣ ትሉ የተወውን የጊዜ ቀጠሮ ከታስክ ሼጁለር ማጽዳት፣ ያጠፋቸውን የአፕዴት ሰርቪሶች መልሶ ማስነሳት፤ ገመዱ የሚመለሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በተያዘ ማሽን ላይ በዶሜን አድሚን መግባት ደግሞ የለም። ትሉ በገባው ሰው ሥልጣን ወደ ሌሎች ማሽኖች ራሱን ይቀዳል፤ አድሚኑ ሊያድን ገብቶ መንገድ ጠራጊ ይሆንለታል።

ከሁሉ የሚያደክመው ፍላሽ መሰብሰብ ነው። የሒሳብ ሹሟ ፍላሽ ከቁልፏ ጋር ታስሯል፣ የሥራ አስኪያጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ «የእኔ ንጹሕ ነው» የማይል የለም። ቢሰኩት ኮንፊከር በኦቶፕሌይ መስኮት ላይ የአቃፊ ሥዕል ለጥፎ «ፋይሎቹን ለማየት ክፈት» ይላቸዋል፤ ሲጫኑት ትሉ ይነሳል። ስለዚህ አለቃ ነው ብዬ አላልፍም፤ እሱ ፊት የእሱን ፍላሽ አስቀድሜ አጸዳለሁ፣ ሌላው ያኔ ሳይጠየቅ ያመጣል።

አንዳንድ ማሽን ግን ፓች ሊጫንበት አይችልም። ከላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር የተገጠመ አሮጌ ኤክስፒ ይኖራል፤ አቅራቢው አፕዴት እንዳይነካው ከልክሏል። ያንን ከኔትወርኩ ነቅዬ ብቻውን እተወዋለሁ፣ ውጤቱንም በሲዲ እየጻፉ እንዲያወጡ አስተምራቸዋለሁ። ያጉረመርማሉ፤ ገመዱን ግን አልመልስም።