አስናቀች ወርቁና የመድረክ ዘር ጥያቄ

አንድ ምሽት ቤቴል ሠፈር ከጓደኞቼ ጋራ ተቀምጠን የአስናቀች ወርቁን ክራር ስናዳምጥ፣ ከመካከላችን አንዱ «ተዋናይትም ነበረች እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

በአውሮፓ የተዋናይት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤተሰቧ ነው። እንግሊዛዊቱ ኤለን ቴሪ በ1847 እ.ኤ.አ. ከተዋንያን አባትና እናት ተወለደች፤ በ1856ም ገና ሕፃን ሳለች በሼክስፒር ተውኔት የንጉሥ ልጅ ሆና ተጫወተች። እኅቷ ኬትም ተዋናይት ነበረች። እንዲህ ላለችው ልጅ ቤቷ ትምህርት ቤቷ ነው፤ ሐሜት ሲመጣም ሙያውን የሚያውቅ ዘመድ ይከልላታል።

በአገራችን ግን የዘመናዊው ቴአትር ዕድሜ አጭር ነው። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ የታየው በ1910ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት የሴትን ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ነበሩ። ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ የጨዋታ ሙያ የነበረው በአዝማሪ ቤት ነው፤ ይሁን እንጂ «አዝማሪ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ ስድብ ነበር።

አስናቀች ከሁለቱም ቤት አልተወለደችም። እናቷን በልጅነቷ አጥታ አደገች፤ የመድረክን መንገድ የሚያሳያት ወላጅ አልነበራትም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ላይ በመጫወቷ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ፣ በብዙዎች ዘንድም የመጀመሪያይቱ ተብላ ትቈጠራለች። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርታለች።

ስለ እርሷ የሚጽፉ ሰዎች ውበቷንና «የመጀመሪያ» መባሏን ያወሳሉ። ሁለቱም እውነት ቢሆኑ እንኳ ሥራዋን አይገልጹም። ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ ሲወጣ፣ ተመልካቹ የሚያየው የሴትን ምልክት ነው። ሴት ራሷ ስትወጣ ግን ደራሲው ለምልክት ሳይሆን ለሰው መጻፍ ይገደዳል። ስለዚህ የአስናቀች ወደ መድረክ መውጣት የአንዲት ሴት ድፍረት ብቻ ሳይሆን፣ ለተውኔት ድርሰታችንም የተከፈተ በር ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ጓደኛዬ ይህን ስለ ምን አላወቀም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክራሯ በሸክላ ተቀርጿል፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቀዱት ዘፈኖቿም በ2003 እ.ኤ.አ. በኢትዮፒክስ ተከታታይ 16ኛ እትም ሆነው በውጭ አገር እንደ ገና ታትመዋል። የመድረክ ጨዋታ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይጠፋል። እኛም የተረፈውን ድምፅ ሰምተን ሙሉዋን ሴት ያወቅን ይመስለናል።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች። አብረዋት ከተጫወቱትም የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። የተዋናይት ቤተሰብ ቢኖራት ኖሮ ፎቶግራፉንና የተውኔቱን ማስታወቂያ ወረቀት ልጅ ከእናት ይረከብ ነበር። ያ ቤተሰብ ባልነበረበት አገር ግን አደራው በተማሪና በመምህር ላይ ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሄደን እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፍ።