ኅብሩ የት አለ? ስለ ማሞ ቂሎ የሥዕል መጽሐፍና ስለ ስውር ትርጓሜ

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የጻፉት፥ ቦጋለ በላቸው በሥዕል ያስጌጡት፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የማሞ ቂሎ መጽሐፍ በ2002 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ተረቱ ከሕዝብ አፍ የተወሰደ ነው። ማሞ እናቱ ያለችውን ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ነገር ግን የትናንቱን ምክር በዛሬው ጉዳይ ላይ ስለሚያውለው ዘወትር ይሳሳታል፤ በመጨረሻም ቂልነቱ ራሱ ለመልካም ዕድል ያበቃዋል።

ለሚጠራጠር ዓይን በዚህ ውስጥ ጨለማ ትርጕም ማግኘት አይከብድም። እናቲቱ ሥልጣን ናት፤ ልጁ መታዘዝን ብቻ የተማረ ሕዝብ ነው፤ መጽሐፉም ሕፃናትን እያሣቀ ለሎሌነት ያሰናዳል ሊባል ይችላል። ሰምና ወርቅ ባሳደገው አንባቢ ዘንድ ይህ አነባበብ እንግዳ አይሆንም። ሆኖም ደስ የሚያሰኝ ትርጓሜ ሁሉ ማስረጃ አለው ማለት አይደለም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። ወርቅ አገኘሁ የሚል ተማሪ ሰሙንና ወርቁን የሚያገናኘውን ኅብር ወይም ንጽጽር በጣቱ ማሳየት ይገባዋል፤ ካላሳየ ወርቁ የባለቅኔው ሳይሆን የራሱ ነው። የማሞ እናት የምትናገረው የቤት ምክር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ቤተ መንግሥት የሚያደርሰውን ድልድይ የሠራው አንባቢው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ንጽጽር ነው። ይህ ተረት በዓለም አቀፉ የተረት መዘርዝር በቍጥር 1696 ከሚታወቀው ወገን ነው። ጆሴፍ ጄኮብስ በ1890 ባሳተመው የእንግሊዝ ተረት ጃክ ወተቱን በኪሱ ይጨምራል፤ አህያውን በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድም ሥቃ የማታውቀውን የባለጠጋ ልጅ ያሥቃታል። በግሪም ወንድማማች መጽሐፍ ሃንስ እጮኛውን በመልካም ዓይን እንዲያያት ሲመከር፥ የጥጆችንና የበጎችን ዓይን አውጥቶ ፊቷ ላይ ይወረውርና ያጣታል። እንግዲህ በሦስት አገር የሚተረት አፅመ ታሪክ የአንድ አገር አገዛዝ ስውር ቍልፍ ነው ማለት ያስቸግራል። የአገሩን ጠባይ የሚፈልግ ተመራማሪ አንዱ አገር ከሌላው የሚለይበትን ይመርምር።

ኤሪክ ፍሮም በ1951 ቀይ ቆብ ስለ ደፋችው ልጅ ሲጽፍ፥ ቆቡን የወር አበባ ምልክት አድርጎ ተረጐመው። ሮበርት ዳርንተን ግን በ1984 የፈረንሳይ ገበሬዎች በቃል ይተርቱት በነበረው ተረት ቀይ ቆብ ጨርሶ እንዳልነበረ አስረዳ። ትርጓሜው የተሠራው በሌለ ነገር ላይ ነበር።

ይህን ስንል የሕፃናት ሥዕል ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በ1931 በወጣው የዣን ደ ብሩኖፍ መጽሐፍ የዝሆኑ የባባርን እናት አዳኝ ይገድላታል፤ ባባር ከተማ ገብቶ ሱፍ ይለብሳል፤ ተመልሶም ይነግሣል። ኸርበርት ኮል በ1995 በዚህ መጽሐፍ ላይ ላቀረበው ወቀሳ ኅብሩ በገጹ ላይ ይታያል፤ ልብሱ ተሥሏል፥ ዘውዱም ተሥሏል።

የጉለሌው ዊንጌት ስሙን ያገኘው በ1946 ከተከፈተው ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም በ1941 ከአርበኞች ጋር በተዋጋው የእንግሊዝ መኰንን ተሰየመ። ተጠራጣሪ በስሙ ውስጥ ስውር የባዕድ አሳብ ያነብ ይሆናል፤ ለሠፈሩ ሕፃን ግን ዊንጌት የቤቱ መንገድ ነው። ታሪኩም ለጠየቀ ሁሉ ይነገራል እንጂ አልተሰወረም።

ክርክሩ የጨዋታ አይደለም። ቅድመ ምርመራ በ1992 በሕግ እስኪቀር ድረስ በአገራችን ስውር ትርጕም ማደን የመርማሪ ሥራ ነበር፤ ለመታገድም ጥርጣሬ ይበቃ ነበር። ዛሬ ማስረጃ የማይጠይቅ ሐያሲ ያንኑ ልማድ በምሁር ቋንቋ ይቀጥላል፤ በጥቂቱ የሚታተመውን የሕፃናት መጽሐፍም ከሕፃናት እጅ ሊያስነጥቅ ይችላል።

በማሞ ተረት ጨለማ ካለ በግልጥ የሚታይ ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ከጥፋቱ በኋላ ይመጣል፤ ልጁም እንዴት እንዲያደርግ ይነገረዋል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነገረውም። ይህ እኛን መምህራንን የሚነካ ወቀሳ ነው። ሕፃናቱ ያለ አንድምታ ይረዱታል፤ የሚሥቁትም ስለዚህ ይመስለናል።