መልክ ወይስ መግባባት? («ፍቅር እስከ መቃብር»ን መነሻ በማድረግ)

በተማሪ መኝታ ቤቶች ከእራት በኋላ የማያልቅ ክርክር አለ፤ «በፍቅር የሚበልጠው መልክ ነው ወይስ የልብ መግባባት?» የሚል። ተከራካሪው ሁሉ ፍርዱን ቆርጦ ስለሚመጣ ነገሩ ከጨዋታ አያልፍም። የመልክ ወገን «ኧረ አትዋሹ፣ መጀመሪያ ያያችሁት ምኗን ነው?» ይላል። የልብ ወገን «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብሎ ተረቱን ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን አንድ ነገር ዘለዋል፤ ሰው ለመምረጥ በመጀመሪያ መቀራረብ ሊፈቀድለት ይገባል። ይህን አጥርቶ ያሳየን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመስለናል።

ባለታሪኮቹን ደግመን ማስተዋወቅ አያሻንም። ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ ናት፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለትዳር የጠየቃትን ሁሉ በዘር እያሳነሱ ሲመልሱ ዕድሜዋ እየገፋ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ገበሬ ቤት የተገኘ፣ በልጅነቱ ለቤተ ክህነት የተሳለ የቅኔ ሰው ነው። ደራሲው የሰብለን ውበት ሲያወሱ ቀለም አልቆጠቡም። ፍቅሩ የበሰለው ግን በትምህርት ሰዓት ነው። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ወደዚያ ቤት ሲገባ ለሌላ ጠያቂ ያልተሰጠ አንድ ነገር አገኘ፤ ጊዜ። ሌሎቹ በሽማግሌ አፍ አስጠየቁ፤ እሱ በገዛ አፉ ተናገረ፤ እሷም በገዛ አፏ መለሰች። የጎጃም ባላባት ቤት በሩን ለዘር ሲጠብቅ ፍቅር በፊደል በኩል ገባ።

ከማጀቴና ከአካባቢዋ፣ ከይፋት ቆላ የመጣን ተማሪዎች ይህን ስናነብ ጎጃም ሩቅ አልሆነብንም። በአያቶቻችን ዘመን አንድ ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ የት ያያት ነበር? በጥምቀት ወይም በዒድ ቀን፣ በወንዝ መንገድ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ከወዲያኛው ማሳ የምትጮኸዋን ልጃገረድ ድምፅ ይሰማል እንጂ አጠገቧ ተቀምጦ አያወጋትም። ለዐይንና ለጆሮ ከሩቅ የተፈቀደው ለአንደበት ተከልክሏል። እንግዲህ ያ ጎረምሳ በመልክ ወደደ ብለን ልንፈርድበት አንችልም፤ በእጁ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የልጅቷ ነገር ደግሞ ይብሳል። እሷ እንድትታይ እንጂ እንድትመርጥ አልተፈቀደላትም፤ ዘርና ከብት የሚቆጥሩት ሌሎች ናቸው።

ሆኖም ደራሲውን የምንሞግትበት ነጥብ አለን። ሰብለን ያን ያህል ውብ ባያደርጓት ምን ነበረበት? መልኳ ተራ ቢሆን በዛብህ ይወዳት ነበር ወይ? ውበትም መግባባትም በአንዲት ሴት ላይ ሲገናኙ ምርጫ የሚባል ነገር ይጠፋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ የተነሳ «ደራሲው ጥያቄውን ሸሽተውታል» ይላሉ። አባባላቸው ለመጽሐፉ መጀመሪያ ይሠራል።

ለመጨረሻው ግን አይሠራም። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የለበሰችው የመነኩሴ ልብስ ነው። ያ ሲወደስ የነበረው መልክ አሁን መደበቅ ያለበት ዕዳ ሆነ። የምታገኘው በዛብህም ሽፍታ ያቆሰለው፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ነው። የእሷ ውበት ተሸፍኖ፣ የእሱ ጉልበት አልቆ፣ ታዲያ የቀረው ምንድነው? በትምህርት ሰዓት የተጀመረው ወግ ነው። ጋብቻቸው የተፈጸመውም በዚያች ሰዓት ነው። ደራሲው መልስ የሰጡን እዚህ ላይ ነው፤ ውበት ሁለቱን አገናኘ፤ እስከ መቃብር ያደረሳቸው ግን መነጋገራቸው ነው።

ዛሬስ? ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ በአንድ ምሽት የማያውቃቸውን መቶ ፊቶች ያያል። ዐይን ከሰንበቴ የሰፋ ገበያ አገኘ። በዚያ ላይ ወንድና ሴት አንድ ክፍል እንማራለን፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት እናነባለን፤ እንዳንነጋገር ሽማግሌ አልቆመብንም። ይህ ሁሉ ሳለ በደረጃ ላይ ተደርድረው የምታልፈዋን ተማሪ ከእግር እስከ ራሷ የሚመዝኑ አሉ። የድሮው ጎረምሳ ምክንያት ነበረው፤ የእነዚህ ምክንያት ምንድነው? ያቺ ልጅ የምታስበውን አንድም ቀን ያልጠየቃት ሰው «ወደድኳት» ሲል፣ የወደደው ከሩቅ ያየውን ብቻ ነው። እሷም በመልክና በልብስ ብቻ ከመረጠች ከዚህ አትለይም።

ዐይን መጥፎ ነው አላልንም። ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለሁለት ይበቃል የሚለው ሕዝብ ባቄላውን ቆጥሮ እንጂ ፊት አይቶ አልተረተም። ሰብለና በዛብህ ለጥቂት የትምህርት ሰዓት የከፈሉትን ዋጋ ያነበበ ተማሪ፣ በነጻ ያገኘውን አራት ዓመት በመልክ ምዘና ሊፈጀው አይገባም እንላለን።

የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ ለሚቀጥለው እትም ይላክልን።