«ሎኮክቲ» እና «እንዲሉ»፤ የሕዝብ ቃል ባለቤት

በሳንስክሪት ቋንቋ በሕዝብ አፍ የሚነገር ምሳሌ «ሎኮክቲ» ይባላል። ቃሉ ከሁለት የተጋጠመ ነው፤ «ሎካ» ዓለም፥ ሕዝብ፥ «ኡክቲ» ደግሞ ንግግር ማለት ነው። ስሙ ዛሬም በሂንዲና በሌሎች የሕንድ ቋንቋዎች ይሠራበታል። በአማርኛ «ተረትና ምሳሌ» ተብሎ ቢተረጐም ስሕተት ነው አይባልም፤ ዋናው ነገር ግን ይቀራል። «ምሳሌ» መሰለ ከሚለው ግስ ወጥቶ የንግግሩን መልክ ይገልጻል፤ «አባባል» ስልቱን፤ «ብሂል» ከግእዙ ብህለ መጥቶ መባሉን ብቻ። ከእነዚህ አንዱም ተናጋሪውን ሕዝብ በስሙ አይጠራም።

አማርኛ ግን ተናጋሪውን አልረሳውም፤ በስም ፈንታ በግስ ውስጥ አኑሮታል። ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ቃሉን ከተናገረ በኋላ «እንዲሉ» ብሎ ይዘጋል። እነማን እንዳሉ አይጠየቅም፤ ባለቤቱ በግሱ መጨረሻ ላይ ያለው የብዙ ምልክት ነው። ወሬ ሲሆን ደግሞ ያው ግስ በኀላፊ ጊዜ ይነገራል፤ «መጣ አሉ» ይባላል። አንድ ጊዜ የተባለው «አሉ» ሲሆን፥ ዘወትር የሚባለው «እንዲሉ» ነው። ሳንስክሪት ይህን ልዩነት በሌላ ቃል ያሳያል፤ ወሬን «ኪምቫዳንቲ» ይለዋል፥ ትርጓሜውም «ምን ይላሉ?» ነው። በዚህ ረገድ አማርኛው የበለጠ ቍጡብ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በአማርኛ ብዙዎች የሚጠሩበት ዝርዝር፥ አንድ የተከበረ ሰው አንቱ ተብሎ የሚጠራበትም ዝርዝር ነው። ስለዚህ «እንዲሉ» ሲባል ሕዝቡ በቀላሉ ወደ ሽማግሌ ይለወጣል፤ ሽማግሌውም «አበው» ይሆናል። ኢግናጽዮ ጒይዲ በ1894 እ.ኤ.አ. በሮም፥ ዣክ ፋይትሎቪች በ1907 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የኢትዮጵያን ምሳሌዎች ካሳተሙ ወዲህ ብዙ መድበሎች ወጥተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ «እንዲሉ»ን ቈርጠው ምሳሌውን ራቁቱን በፊደል ተራ ያሰልፉታል፤ በመቅድማቸው ግን የአበው ቃል መሆኑን ይናገራሉ። ማን፥ ለማን፥ በምን ጕዳይ እንደ ተናገረው አይገኝም።

የዚህ ጕድለት ዋጋ በጉለሌ በግልጽ ይታያል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲሄዱ ሽሮ ሜዳ ይገኛል፤ በዚያም ከጋሞ ደጋ፥ ይልቁንም ከዶርዜ፥ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ሸማ ሲሠሩ ኖረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ በእንግሊዝኛ ሲተረጐም ዘወትር የሸረሪት ድር ይባላል። በአማርኛው ግን ሸረሪት የለችም። ድር የሸረሪትም ነው፥ የሸማኔም ነው፤ በሸማኔ ቤት ድር በርዝመት የሚዘረጋው ክር ሲሆን ማግ በአግድም የሚገባው ነው። ብቻውን በጣት የሚበጠስ ክር ከሌሎቹ ጋር ሲያብር ምን እንደሚችል ከሸማኔ ይልቅ የሚያውቅ የለም። የሸረሪቱ ትርጕም ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ የድሩ ጥቅስ ከምን ሥራ እንደ መጣም በእርግጥ አይታወቅ ይሆናል። ነገር ግን በሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ለባልደረባው ሲናገረው የሚሰማው ነገር፥ በመድበል ገጽ ላይ ከሚነበበው ጋር አንድ አይደለም።

ይህም የሰዋስው ጕዳይ ብቻ አይደለም። «ሸማኔ» የሚለው የሥራ ስም ለረጅም ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እንግዲህ ሰውየው የተናቀበት ድር በምሳሌ ሲገባ «አበው እንዳሉት» ተብሎ ይከበራል፤ ከአበው መካከል ግን ሸማኔውን የሚቈጥረው ጥቂት ነው። «ሎካ» ማን እንደ ሆነ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። መድበሎቹ ድርን በ«ደ» ተራ ከድመትና ከድኻ ጎን አስቀምጠው ያልፋሉ።