ስለ ጤፍ ቀለምና ስለ ቀለም መለኪያ ሶፍትዌሮች የቀረበ የሒስ አስተያየት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያ ቀን ወደ እህል ተራዋ የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ይኸውም ጤፍ ገዢው ከሚዛኑ አስቀድሞ ቀለሙን መመርመሩ ነው። ከጆንያው ይዘግናል፤ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልና ገለባውን ያባርራል፤ ከዚያም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይመለከታል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ የሚባሉት ስሞች የቀለም ስሞች ብቻ ሳይሆኑ የዋጋ ደረጃዎችም ናቸው። ንጣቱ በጨመረ መጠን ዋጋውም ይጨምራል።

የንጣት ጕዳይ ከገበያው አልፎ እስከ ምርምር ጣቢያ ይደርሳል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣው ቍንጮ የተባለው ዝርያ የተገኘው ምርተ ብዙ የሆነውን ዱከምን በንጣቱ ከሚወደደው ማኛ ጋር በማዳቀል ነው። እንግዲህ ቀለም ለጤፍ እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር ሳይሆን የገበሬው ገቢ የሚወሰንበት ጠባይ ነው።

በቅርብ ጊዜ ግን ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ የገዢውን ዓይን በሶፍትዌር ለመተካት መሞከር ጀምረዋል። ጤፉን በስልክ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ሥዕሉን ለአንድ የቀለም መለወጫ ይሰጡታል፤ እርሱም ሦስት ቍጥሮች አውጥቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ «ይህ ጤፍ ከዚያኛው በዚህን ያህል ይነጣል» ተብሎ በጥናቱ ወረቀት ላይ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያዎቹን ማጣጣል አይደለም። ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ መቀበሉ ወደ ምን ስሕተት እንደሚያደርስ በማስረጃ ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋናውን እንስጥ። ቀለምን በቍጥር የመግለጽ ዘዴ የተደላደለው ዓለም አቀፉ የብርሃን ጥናት ኮሚሽን፣ በአጭሩ ሲ.አይ.ኢ.፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ባወጣው ሥርዓት ነው። ለዚያ ሥርዓት መሠረት የሆኑት በእንግሊዝ አገር ራይትና ጊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በየፊናቸው፣ አንደኛው በ10፣ ሁለተኛው በ7 ተመልካቾች ላይ ያደረጓቸው ሙከራዎች ናቸው። ከዚያም በ1976 ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራበት የኤል፣ የኤና የቢ መለኪያ ተጨመረ። «ኤል» ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የብሩህነት መጠን ነው፤ «ኤ» ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ «ቢ» ደግሞ ከሰማያዊ ወደ ብጫ የሚያመለክቱ ናቸው። ይህን ሁሉ ሒሳብ በእጅ መሥራት አድካሚ ስለ ሆነ ሶፍትዌሩ ትልቅ ረዳት ነው። በተለይም እንደ አርጂል ሲ.ኤም.ኤስ. እና እንደ ሊትል ሲ.ኤም.ኤስ. ያሉት ውስጣቸው ለማንም ክፍት ስለ ሆነ የሒሳቡን መንገድ ለማየት የፈለገ ተማሪ ገልጦ ሊያነበው ይችላል። የእኔ ወቀሳ የሚያርፈው ሒሳቡን ሸሽገው መልሱን ብቻ በሚሰጡት የስልክ መሣሪያዎችና እነርሱን ያለ ጥያቄ በምናምን በእኛ ላይ ነው።

አንደኛው ጕድለት የብርሃን ጕዳይ ነው። ቀለም በእህሉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በላዩ ከሚያርፈው ብርሃን ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። የቀን ብርሃን ምሳሌ ሆኖ የተደነገገው ዲ 65 የሚባለው ብርሃን የሙቀት መጠኑ 6504 ኬልቪን ሲሆን፣ የአምፖል ብርሃን ምሳሌ የሆነው ግን 2856 ኬልቪን ነው። ስልኩም በበኩሉ በሥዕሉ ውስጥ ነጭ የቱ እንደ ሆነ በራሱ ግምት ይወስንና ቀለሙን ያስተካክላል፤ ስለ ግምቱ ግን አይነግረንም። እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት ወድቄአለሁ። አምና ለክፍል ሥራ ብዬ በዱርቤቴ ገበያ ጤፍ ፎቶግራፍ ሳነሣ ከፊሉን በሰማያዊ ሸራ ጥላ ሥር፣ ከፊሉን በፀሐይ አነሣሁ። ሶፍትዌሩም ከአንድ ጆንያ የተዘገነውን ጤፍ ሁለት ዓይነት አድርጎ ቈጠረልኝ። ጤፉን የሚሸጡት እናት ነገሩን ሲመለከቱ ቈይተው «የኔ ልጅ፣ ጤፍ እኮ ከጥላ ወጥቶ ነው የሚታይ» አሉኝ። በወረቀቴ ላይ መጻፍ የነበረብኝን የመጀመሪያ ደንብ እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ሁለተኛው ጕድለት በመለወጡ ሥራ ውስጥ የሚገኝ ነው። የስልክና የኮምፒዩተር ሥዕል ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው በ1996 በቀረበው ኤስ.አር.ጂ.ቢ. በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የዚህ ሥርዓት ነጭ ዲ 65 ነው። የማተሚያ ቤት ሥርዓት ግን ዲ 50 የሚባለውን ሌላ ነጭ ይይዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ነጩን ከነጩ ጋር የሚያስማማ ሒሳብ በመካከል መግባት አለበት። ይህን የዘለለ ሶፍትዌር ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ፤ በኤስ.አር.ጂ.ቢ. ንጹሕ ነጭ የሆነው ቀለም «ኤ» ከዜሮ በታች 2.4፣ «ቢ» ከዜሮ በታች 19.4 ሆኖ ይወጣል፤ ማለት ነጩ ሰማያዊ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 19.5 ሲሆን ከዚህ ርቀት አንዲቱም ነጥብ ከእህሉ የመጣች አይደለችም፤ ሁሉም ከመለወጫው የተወለደ ነው። እንግዲህ ሁለት ተማሪዎች በሁለት ሶፍትዌር የለኩትን ጤፍ በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ነጩ ምን እንደ ነበረ ካልተጻፈ ከንቱ ድካም ነው።

ሦስተኛው ጕድለት የማነጻጸሪያው ነው። የሁለት ቀለሞችን ርቀት ዴልታ ኢ ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ዴልታ ኢ አንድ አይደለም። የ1976ቱ፣ የ1994ቱና የ2000ው ቀመሮች ሦስት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው። «ኤል» 70፣ «ኤ» 5፣ «ቢ» 25 የሆነ አንድ ቀለም ወስደን ሌላው ሳይነካ «ቢ»ውን ብቻ ወደ 20 ብናወርደው ርቀቱ በ1976ቱ ቀመር ልክ 5 ይሆናል፤ በ2000ው ግን 2.6 ብቻ ነው። አንድ ሰው «ከ3 በላይ ከሆነ ልዩነት አለ» ብሎ ወሰን ቢያበጅ አንዱ ቀመር ሁለት ደረጃ ጤፍ ነው ሲል ሌላው አንድ ነው ይላል። የቀመሩን ስም ሳይጠቅሱ ዴልታ ኢ ብሎ መጻፍ በቁና ይሁን በኪሎ ሳይናገሩ «አምስት ሸጥሁ» እንደ ማለት ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚብሰው ሰርገኛን የሚመለከት ነው። ሰርገኛ ነጩና ቀዩ ፍሬ የተደባለቀበት ጤፍ ነው። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ድብልቅ በአንድ ቍጥር ለመግለጽ አማካይ ያወጣል፤ ነገር ግን የምኑን አማካይ? በሥዕል ውስጥ የተመዘገቡት ቍጥሮች ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አይሄዱም። በ255 ከተከፈለው መለኪያ 119ኛው ቍጥር አጋማሽ ላይ ያለ ቢመስልም የሚወክለው የብርሃን መጠን ግን ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቍጥሮቹን ወደ ብርሃን መልሶ፣ ብርሃኑን አማክሎ፣ ከዚያ ወደ «ኤል» መለወጥ ይገባል፤ ከሩቅ ሲታይ በዓይናችን ውስጥ የሚደባለቀው ብርሃኑ ነውና።

ምሳሌ እናድርግ። ብሩህነቱ 80 የሆነ ፍሬና 40 የሆነ ፍሬ እኩል በእኩል ተደባለቁ እንበል። «ኤል»ን በቀጥታ ያማከለ ሶፍትዌር 60 ይላል። የሥዕሉን ቍጥሮች ያማከለው 60.7 ይላል። ብርሃኑን ያማከለው ግን 64.9 ይላል፤ ትክክለኛውም ይህ ነው። ወደ አምስት ነጥብ የሚጠጋው ይህ ልዩነት ወደ የት እንዳዘነበለ ልብ በሉ። የተሳሳቱት ሁለቱም መንገዶች ሰርገኛውን ከሆነው በላይ አጥቍረው ያሳያሉ። በዋጋ ንጣት በሚበልጥበት ገበያ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢገባ ስሕተቱ አንድ ቀን ለገበሬው፣ አንድ ቀን ለነጋዴው የሚያደላ አይሆንም፤ ዘወትር በሻጩ ላይ የሚወድቅ ነው። ሚዛን አጕድሎ የሚሸጥ ነጋዴ በሕግ ይጠየቃል፤ አጕድሎ የሚያማክል ሶፍትዌር ግን «ዘመናዊ» ተብሎ ይመሰገናል።

በዚህም ላይ ጤፉ ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ቀለሙ በፍሬዎቹ አማካይ አይገኝም። ብርሃን በዱቄት ውስጥ የሚዋጥበትንና የሚበተንበትን ሁኔታ ኩቤልካና ሙንክ በ1931 በሌላ ሒሳብ አስረድተዋል። በፍሬው ፎቶግራፍ የእንጀራውን ንጣት እተነብያለሁ የሚል ጥናት ይህን ሁሉ ማለፍ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ከቍጥሩ ጋር የቀለሙን ስም ጨምረው ይሰጣሉ፤ ቀይ ጤፍንም ቡናማ ብለው ይጠሩታል። አንድ ጓደኛዬ ይህን አይቶ «ሕዝባችን የቀለም ስም አያውቅም ማለት ነው» አለኝ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቀይ ጤፍ፣ ቀይ አፈር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀይ ሰው ስንል በአራቱም አንድ ቀለም እንዳለ አንናገርም። ቀይ ጤፍ ቀይ የሚባለው ከነጭ ጤፍ ጎን ሲቆም ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ቋንቋችን ነገሩን ከወገኑ ጋር አነጻጽሮ ይሰይማል። መለኪያ ማለትም ከማነጻጸር የተለየ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ የገበያው ስም ከሶፍትዌሩ ስም ይልቅ ለሳይንስ የቀረበ ነው ብል አላጋነንሁም።

«የሰው ዓይንስ አይሳሳትም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በእርግጥ ይሳሳታል። በፓሪስ የጎብላን ማቅለሚያ ቤት ይሠራ የነበረው ሼቭረል በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀለም ከጎኑ ባለው ሌላ ቀለም ተለውጦ እንደሚታይ አሳይቷል። ጠቆር ባለ መዳፍ ላይ የተዘረጋ ጤፍ ነጣ ብሎ መታየቱ አይቀርም። ነገር ግን ገዢውና ሻጩ የሚያዩት አንድን እፍኝ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ጊዜ ስለ ሆነ ሲከራከሩ ስሕተታቸው ይተራረማል። በስልክ የወጣ ቍጥር ግን ሲከራከሩት መልስ አይሰጥም።

እንግዲህ መሣሪያውን እንጣለው ማለቴ አይደለም፤ በሥርዓት እንያዘው ማለቴ ነው። ለዚህም አራት ነገሮች ይበቃሉ። በመጀመሪያ ሥዕሉ ሁሉ በአንድ ዓይነት ብርሃን ይነሣ። ሁለተኛ በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ የታወቀ ነጭ ይግባ፤ ባለ 24 ቀለሙ ሰሌዳ ቢወደድብን የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙት ነጭ ቴፍሎን ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ሊያገለግል ይችላል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ግን ማንጫ ኬሚካል ስላለበት በፀሐይ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላልና አይታመንም። ሦስተኛ ነጩ፣ ቀመሩና አማካዩ የተሠራበት መንገድ በጥናቱ ይጻፍ። አራተኛ የቍጥሩ ውጤት ጤፍ በመለየት ከሚታወቁ የገበያ ሰዎች ፍርድ ጋር ይመሳከር፤ ሁለቱ ሲለያዩ ጥፋተኛው ዓይን ነው ብለን አስቀድመን አንፍረድ።

በዚህ ጽሑፍ ያሰላኋቸውን ቍጥሮች ማንም ጓደኛዬ በእርሳስና በወረቀት ሊመረምራቸው ይችላል። ስሕተት ቢያገኝ በሚቀጥለው እትም ቢያርመኝ አመሰግነዋለሁ። ቍጥሩ የጥናታችን ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁም፤ ነገር ግን በመጨረሻው የሚመዘንበት የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ነው።